ከውጭ የተላከልኝ ኦሜጋ 3 ለዓይኔ ድርቀት ይጠቅመኛል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ41 ዓመት ሴት ነኝ፤ ሐዋሳ በሒሳብ ሥራ ላይ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ እውላለሁ። ከሰዓት በኋላ ዓይኔ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረኛል። ንፋስ ሲነካኝ ደግሞ እንባዬ ዝም ብሎ ይፈሳል። የዓይን ድርቀት ነው ተብያለሁ። እህቴ ከውጭ ኦሜጋ 3 እና ቫይታሚን ኤ ልካልኛለች። ልዋጣቸው ወይስ ዓሣችንን መብላት ይበቃል?

መልስ፦ እንባ እየፈሰሰ "ደረቀ" መባሉ ግራ ያጋባል። እንባ ላዩ ላይ ስስ ቅባት አለው። ቅባቱ የሚወጣው ሽፋሽፍት ሥር ከተደረደሩ ጥቃቅን ዕጢዎች ነው። ሲያንስ ውሃው ቶሎ ይተናል፤ ዓይን ይቆጠቁጠዋል፤ ያኔ ብዙ እንባ ያፈሳል።

ስለ ኦሜጋ 3 ብዙ ተስፋ ባልሰጥዎ እመርጣለሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ነበር። 535 ሕመምተኞች ለአንድ ዓመት ተከታተሉ። ከሦስቱ ሁለቱ እጅ ያህሉ በቀን 3,000 ሚሊ ግራም ኦሜጋ 3፣ ሌሎቹ የወይራ ዘይት ወሰዱ። ሁለቱም ወገን ተሻለው፤ በመካከላቸው ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ወይም የልብ ምት ችግር ያለብዎ ከሆነ ሐኪምዎን ሳያማክሩ አይጀምሩት።

ቫይታሚን ኤውን ግን ያስቀምጡት። እጥረቱ በእርግጥ ዓይን ያደርቃል፤ ሲመሽ ማየት ያስቸግራል። ለዚህም ነው ከ6 እስከ 59 ወር ያሉ ሕፃናት በየስድስት ወሩ የሚሰጣቸው። የተለያየ ምግብ ለሚበላ አዋቂ ግን ትርፉ ጉበት ውስጥ ይጠራቀማል። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ለማርገዝ ካሰቡ ደግሞ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። ጎመን በዘይት፣ ካሮት፣ ብርቱካናማው ስኳር ድንች፣ እንቁላል ይበቃዎታል። ዘይቱን አይተዉት፤ ያለ ቅባት ሰውነት በደንብ አይወስደውም።

ዓሣውንማ ይብሉ! ቆሮሶም አምባዛም ጥሩ ምግብ ነው። ኦሜጋ 3ቱ ግን እንደ ሰርዲን ካሉ የባሕር ዓሦች ያነሰ ነው። በጾም ተልባ ቆልተው፣ ወቅጠው፣ በጥብጠው ይጠጡ። ከተልባው ሰውነት ወደሚፈልገው ዓይነት የሚለውጠው ጥቂቱን ብቻ ቢሆንም ለሆድም ይመቻል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ንጹሕ ጨርቅ በሞቀ ውሃ ይንከሩ፤ በእጅዎ ጀርባ ሙቀቱን ይሞክሩ፤ እንዳያቃጥል። የተከደነ ዓይንዎ ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያኑሩት፤ ሲቀዘቅዝ መልሰው ይንከሩ። የረጋው ቅባት ይለሰልሳል። ከዚያ የዓይን ቆብዎን ወደ ሽፋሽፍቱ በቀስታ ይሹት። በየቀኑ ያድርጉት፤ ለውጡ ሳምንታት ይፈጃል።

ኮምፒውተር ላይ ስናፈጥ ዓይናችንን መርገብገብ እንረሳለን። በየ20 ደቂቃው ቀና ብለው በመስኮት ራቅ ያለ ነገር ይዩ፤ ሙሉ በሙሉ ጨፍነው ይክፈቱ። ቬንትሌተሩን ከፊትዎ ያዙሩት። ሰው ሠራሽ እንባ ከፋርማሲ መግዛት ይቻላል፤ ስቴሮይድ ያለበትን ጠብታ ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይነኩት፤ የዓይን ግፊት ይጨምራል።

ዓይንዎን በጣም ካመመዎ፣ ብርሃን መቋቋም ካቃተዎ ወይም እይታዎ ከቀነሰ በዚያው ቀን ይታዩ። አፍዎም የሚደርቅ፣ መገጣጠሚያዎም የሚያምዎ ከሆነ ደግሞ ለሐኪምዎ ይንገሩት፤ የደም ምርመራ ሊያስፈልግዎ ይችላል።