ከተጠርጣሪ ደረት ጥይት በግድ ማውጣት ይገባል ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የእግዚአብሔር ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። በቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ። በሥራ ሥልጠና ላይ እዚሁ ግዛት የተፈጸመ አንድ የቆየ የፍርድ ቤት ጉዳይ አስተማሩን። አንድ መሣሪያ የያዘ ዘራፊ ወደ ባለሱቅ ሲመጣ ባለሱቁ ተኩሶ መታው። ዘራፊውም መልሶ ተኩሶ ባለሱቁን አቆሰለው። ፖሊስ የያዘው ተጠርጣሪ ደረቱ ውስጥ ጥይት ነበረው። ጥይቱ ቢወጣ ከባለሱቁ መሣሪያ የተተኮሰ መሆን አለመሆኑ ይለይ ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን «ያለ ፈቃዱ ቀዶ ማውጣት አይቻልም» አለ። የኔ ባለቤት ማታ ማታ ሱቅ ነው የሚሠራው፤ በጣም ተናደድኩ። ለእውነት ሲባል ትንሽ ቀዶ ጥገና ምን አለበት? ደግሞስ እንዲህ ባለው ሥራ ላይ ግቢ ብባል ኃጢአት ይሆንብኛል?
ወለተ ሥላሴ

መልስ፦ እኅቴ ወለተ ሥላሴ፣ ንዴትሽ ይገባኛል። ባሏ ሱቅ የሚያመሽ ሴት ይህን ሰምታ ዝም ብትል ነበር የሚገርመኝ። ባለሱቁም የተመታው እግሮቹን ነው፤ የእሱ ሕመም በዚህ መልስ ውስጥ እንዲረሳ አልፈልግም። ግን «ትንሽ ቀዶ ጥገና» ያልሽውን ነገር እስቲ ጠጋ ብለን እንየው።

ነገሩ የሆነው ሪችመንድ ነው፤ ጁላይ 18 ቀን 1982 እ.ኤ.አ.። ተጠርጣሪው የተገኘው ከተኩሱ ወደ 20 ደቂቃ ቆይቶ፣ ከሱቁ ስምንት ብሎክ ርቆ ነው። «እኔም ዘራፊዎች ናቸው የመቱኝ» አለ። ሆስፒታል ሲወስዱት ባለሱቁም እዚያው ነበርና «ይሄ ነው» ብሎ ለየው። ይህን ያዢልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ዐቃቤ ሕግ ጥይቱ ይውጣልኝ ብሎ አመለከተ። ሐኪሙ መጀመሪያ ሲጠየቅ ሥራው 45 ደቂቃ ያህል እንደሚፈጅ ተናገረ። ከመቶ ሦስት ወይም አራት ለጊዜው ነርቭ የመጎዳት፣ ከመቶ አንድ ለዘለቄታው የመጎዳት፣ ከሺህ አንድ የመሞት አደጋ አለው አለ። ቆይቶ ደግሞ «ጥይቱ ከቆዳው ሥር ነው፣ ቦታውን ብቻ አደንዝዘን እናወጣዋለን» ተባለ። የግዛቱ ፍርድ ቤትም በዚህ ፈቀደ። ኦክቶበር 18 ቀዶ ጥገናው ሊጀመር ሲል ራጅ ቢነሳ ግን ጥይቱ ከ2.5 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ጡንቻ ውስጥ ገብቶ ተገኘ። አሁን ሙሉ ማደንዘዣ ሊያስፈልግ ነው።

ሙሉ ማደንዘዣ ምን እንደሆነ አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ሰውየው እንቢ እያለ መርፌ ይወጋል። ራሱን ይስታል። ትንፋሹ በሌላ ሰው እጅ ይሆናል። ከዚያ ሥጋው ተሰንጥቆ ይበረበራል። ለጤናው ቢሆን ጥሩ፤ ግን ፖሊስ ስለፈለገ ነው። ያውም ገና ያልተፈረደበት ሰው። የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ያገደው ይህን አይቶ ነው። በ1985 ደግሞ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ክልከላውን አጸኑት፤ ዋናውን ፍርድ የጻፉት ዳኛ ብሬናን ናቸው።

አሁን ወደ መጽሐፉ እንምጣ። ስለ ጥይት በቀጥታ የተጻፈ ቃል የለም፤ ስለ ፍለጋ ግን አለ። ኢያሱ ምዕራፍ 7ን አንብቢው። አካን እርም የሆነውን ሰርቆ ድንኳኑ ውስጥ ቀብሮታል። ዕጣው በእሱ ላይ ወጥቷል፤ ማለትም እግዚአብሔር ራሱ አጋልጦታል። እንደዚያም ሆኖ ኢያሱ «ልጄ ሆይ» ብሎ ነው የጀመረው። ለእግዚአብሔር ክብርን ስጥ፣ ያደረግኸውን ንገረኝ አለው። አካን ተናገረ። ከዚያ በኋላ መልእክተኞች ወደ ድንኳኑ ሮጡ፣ ብሩንና ወርቁን አወጡ። ቅጣቱ ከባድ ነበር፣ እሱን አልሸፍንልሽም። ግን ፍለጋው በአፉ ቃል አለፈ፣ የቆመውም ድንኳኑ ላይ ነው።

ከዚህ ይበልጥ የሚገርመኝ ዘዳግም 24፥10-11 ነው። ለባልንጀራህ ያበደርክ እንደሆነ መያዣውን ልትወስድ ወደ ቤቱ አትግባ፣ በውጭ ቁም፣ ተበዳሪው ራሱ ያወጣልሃል ይላል። ልብ በይ፣ አበዳሪው መብት አለው። ግን መብት ያለው ሰው እንኳ ደጅ ላይ ይቆማል። በቤት ደጅ እንዲህ ከተከበረ፣ በእግዚአብሔር አርአያ በተፈጠረ ሰውነት ላይማ እንዴት ይሆን?

«ዘኍልቍ 5 ላይስ? የተጠረጠረች ሴት መራራ ውኃ ትጠጣ የለም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። ትጠጣለች፤ ግን ካህኑ ያምላታል፣ እሷም «አሜን አሜን» ትላለች። ማንም ቢላ አላነሣባትም። ፍርዱንም ለእግዚአብሔር ነው የተዉት።

ይህን ስል ግን ተጠርጣሪ አይነካ ማለቴ አይደለም። ይኸው ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1966 እ.ኤ.አ. ሰክሮ በመንዳት ከተጠረጠረ ሰው ያለ ፈቃዱ ደም መቀዳቱን ፈቅዷል። በ1952 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሁለት እንክብል ዋጥ ያደረገን ሰው ፖሊሶች ሆስፒታል ወስደው፣ በቱቦ መድኃኒት ጨምረው ሲያስመልሱት፣ ይህስ ኅሊናን ያስደነግጣል ብሎ ፍርዱን ሽሯል። መስመሩ የተሰመረው በልክ ነው። የኛም አገር ሕግ ሩቅ አይደለም። የ1952 ዓ.ም. ፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 20 ሰው የሕክምና ምርመራም ሆነ ቀዶ ጥገና አልፈልግም ማለት እንደሚችል ይናገራል፤ የወንጀል ሥነ ሥርዓቱ ደግሞ ለምርመራ ሲባል የደም ምርመራን ይፈቅዳል። የደም ጠብታና የተሰነጠቀ ጡንቻ አንድ አይደሉም።

ያዢልኝ ወዳልኩሽ ልመለስ። እውነት በጥይቱ ላይ ብቻ አልተንጠለጠለችም ነበር። ባለሱቁ ሰውየውን ለይቶታል፣ የተገኘበት ሰዓትና ቦታም አለ። ዳኞቹም ይህን መዝነዋል፦ ሌላ ማስረጃ እያለ የሰው ሥጋ ለምን ይከፈታል? ስለዚህ ሌባው አመለጠ ብለሽ አትዘኚ። ክሱ አልተሰረዘም፤ የተከለከለው ቢላው ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ሰውየው በእርግጥ ያደረገው ከሆነ፣ ሕጉ እንቢ የማለት መብት ሰጥቶታል፤ ንስሐ ግን ይህን መብት አትሰጠውም። ዘኬዎስን ማንም አልበረበረውም። ራሱ ቆሞ «የበደልሁት ቢኖር አራት እጥፍ እመልሳለሁ» አለ። እንዲህ ያለ ሰው ንስሐ አባቱ ፊት ቢመጣ፣ ካህኑ የሚለው «መብትህ ነው፣ ዝም በል» አይደለም። ባለሱቁን ካስ፣ ያደረግከውን እመን ይለዋል። ካህኑ ግን ይመክራል እንጂ አያስገድድም፣ የሰማውንም ለፖሊስ አያቀብልም። በግድ የተናዘዘ ሰው ገና አልተናዘዘም።

ወደ ሥራሽ ስንመጣ፣ ሁለት ነገር ለይ። ሐኪሞቹ ለሰውየው ሕይወት ወይም ጤና ብለው፣ ሥርዓቱን ጠብቀው ጥይቱን ካወጡ ያለ ሥጋት ግቢ። ጥይቱ በኋላ ለፖሊስ ቢሰጥ ያ የሕጉ ጉዳይ ነው፤ አንቺ ያከምሽው ሰው ነው። ሰውየው እንቢ እያለ ለማስረጃ ብቻ የሚቀደድ ከሆነ ግን፣ በእኔ መረዳት እጅሽን አታስገቢበት። ይህን ደግሞ ጓንት አድርገሽ አልጋው አጠገብ ከቆምሽ በኋላ አትናገሪ። ያኔ ቡድኑንም ታካሚውንም ትጎጃለሽ። አስቀድመሽ ለኃላፊሽ በትሕትና ንገሪ፣ በጽሑፍም አድርጊው። ሥራሽን የሚነካ ነገር ከመጣ ጠበቃ ጠይቂ፤ የእምነቱን ጉዳይ ደግሞ ለንስሐ አባትሽ አማክሪ፤ እሳቸው አንቺንም ቤትሽንም ያውቃሉ። ለባለቤትሽም ማታ ሲወጣ የምትጸልዪውን ጸሎት አታቋርጪ።