ጀግናሽን ዓይነ ጥላ እንዳታደርጊው

እህቴ፣ «ጋኔን አፍቃሪ ያለበት ልብወለድ በእንግሊዝኛ ባነብ ባነብ አልጠግብም፤ ሰው ግን ምኑን ነው የሚወደው? በአማርኛ ብጽፈውስ?» ብለሽ ለጠየቅሽው። እኔ ጽፌዋለሁ። 500 ኮፒ አሳትሜ 320ው አልጋዬ ስር ነው። ስለዚህ ከእኔ ስሚ።

1. የሚወደደው ክፋቱን ደብቆ ስለማይመጣ ነው። መልአክ መስሎ ቀርቦ በሦስተኛው ወር ቀንድ የሚያበቅል ወንድ ስንቱን አይተናል። የልብወለዱ ጋኔን ግን ቀንዱ ከመጀመሪያው ገጽ ይታያል። እየቆየ የሚገለጠው ደግነቱ ነው። (የእኔ የቀድሞ እጮኛ ተገላቢጦሹ ነበር፣ እሱን ተዪው።) ደግሞም አንባቢዋ መጨረሻው እንደሚያምር ታውቃለች። ብትፈራም ተደላድላ ነው የምትፈራው።

2. ስሙ ላይ ሥሪበት። በአንዳንዶቹ ልብወለዶች የጋኔኑን እውነተኛ ስም ያወቀች ሴት ታዝዘዋለች። ከተማ ማቃጠል የሚችል ፍጡር እጇን ለመንካት ፈቃድ ይጠይቃል። ከትከሻው ስፋት ይልቅ እኔን የሚጥመኝ ይሄ ነው። ይህን ደግሞ ከፈረንጅ መበደር የለብሽም። መርበብተ ሰሎሞን የሚባለው ጸሎት እኮ ንጉሡ አጋንንቱን እንደ ዓሣ በመረብ ይዞ ስማቸውን ያናዘዘበት ነው፤ ደብተራዎቻችን በክታብ ሲጽፉት ኖረዋል። የሰውን ሴቶች ልጆች ተመኝተው የወረዱት 200 መላእክትስ? ታሪካቸው ያለበት መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉውን የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው። «የፈረንጅ ነገር ነው» የሚሉሽን ዝም በያቸው።

3. አሳታሚ ጋ ስትሄጂ ርዕሱን አታሳዪ። እኔ አንድ ቤት ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በሦስተኛው ቀን ሰውየው ሽፋኑን ብቻ አየና፣ አንድ ገጽ እንኳ ሳይገልጥ፣ «እህት፣ ጠበል ሞክረሻል?» አለኝ። አጠገቡ የነበሩት ሳቁ። ተናድጄ ወጣሁና የእቁብ ብሬን አውጥቼ ራሴ አሳተምኩት። አዟሪዎቹ እንኳ ሲያዩት ፈገግ እያሉ ወደ ታች ነበር የሚከቱት።

4. ዋናው ጥፋት ግን የእነሱ አልነበረም፣ የእኔ ነው። ጀግናውን ዓይነ ጥላ አደረግኩት። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። በሕልም የሚመጣ፣ ቀናተኛ፣ ሴቲቱን ለሌላ የማይሰጥ፤ ከዚህ የበለጠ አገርኛ ጋኔን ከየት ይመጣል? ሐሳቡን ያገኘሁት ከመጽሐፈ ጦቢት ነው። እዚያ ጋኔኑ ሣራን ይወዳታል፤ ሰባት ባሎቿን አንድ በአንድ ይገድልባታል። እኔ ከዚያ ውስጥ «ይወዳታል» የምትለዋን ብቻ ይዤ ሮጥኩ።

መጽሐፉ በወጣ በሁለተኛው ወር አንዲት አንባቢ ጻፈችልኝ። ዕድሜዋ 38 ነው። ስላላገባች ቤተሰቧ ዓይነ ጥላ አለብሽ ብሎ ለሰባት ዓመት ጠበል ለጠበል አዙሯታል። የመጣላት ወንድ ሁሉ ወሬውን እየሰማ ይሸሻል። «አንቺ እሱን አፍቃሪ አደረግሽው፤ እኔ በእሱ ስም የተሰደብኩትን ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ተመልሼ ጦቢትን አነበብኩ። ባሎቿ ሞቱ ብለው የአባቷ አገልጋዮች የሚሰድቡት ሣራን ነው፤ ለመሞት እስክትመኝ ድረስ። ያንን ገጽ እንዴት እንደዘለልኩት እስካሁን አይገባኝም።

በእንግሊዝኛ «ዲመን» ሲባል የአልባሳት ያህል ነው፤ ክንፉንና ቀንዱን ታለብሺዋለሽ። በአማርኛ ግን ዓይነ ጥላ ስትዪ ጎረቤትሽ ያለችዋን ልጅ እየጠራሻት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የራስሽን ፍጡር ፍጠሪ፤ ሰው ያልታመመበትን ስም ስጪው።

እኔ አሁን ሁለተኛውን እየጻፍኩ ነው፤ ጀግናው ከእነዚያ ከ200ዎቹ አንዱ ነው። ያቺ አንባቢ ረቂቁን እያየችልኝ ነው። ምዕራፍ አራትን ሁለት ጊዜ መለሰችብኝ፣ «ይሄ ገና አልጠየቃትም» እያለች። የመጀመሪያውን ማየት ከፈለግሽ በውስጥ መስመር አድራሻሽን ላኪልኝ። አልጋ ስር ሞልቷል፣ የመላኪያም አልጠይቅሽም።