ልብስ ወይስ ብር?

እህቴ፣ ድርቅ ለደረሰበት አካባቢ ልብስ ሰብስበን ብንልክስ ብለሽ ለጠየቅሽው፣ እኔ ብር እላለሁ። በ2015 የቦረና ድርቅ ጊዜ ከሰፈር ልጆች ጋር ልብስ ሰብስበን ነበር። ማዳበሪያው ሲፈታ ምን ወጣ መሰለሽ? ባለ ታኮ የሰርግ ጫማ! መለየቱና ማሰሩ ሦስት ቅዳሜ በላ፣ የመኪናው ኪራይም ቀላል አልነበረም።

ቦረና አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ዝናቡ ሳይበቃ ቀርቶ መጀመሪያ ያለቀው ከብቱ ነው፤ አርብቶ አደር ደግሞ ከብቱ ካለቀ ወተቱም፣ ገበያ አውጥቶ ሸጦ በቆሎ የሚገዛበትም አብሮ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ ለከብቱ በጊዜ የደረሰ ድርቆሽና ውሃ ዘግይቶ ከሚመጣ ዱቄት ይበልጣል (ይሄ ግን ለብዙ ለጋሽ ቶሎ አይገባውም፣ የከሳ ልጅ ፎቶ ካላየ እጁ ወደ ኪሱ አይገባም)። ገበያው ላይ እህል ካለ ለቤተሰቡ ብር በእጁ መስጠት ይሠራል፤ ሴፍቲኔትም (ምግብ ለሚያጥራቸው ቤተሰቦች የሚሰጠው የመንግሥት ድጋፍ) ከ1997 ጀምሮ በብርም በእህልም ነው የሚከፍለው። በምግብ እጥረት ለተጎዳ ሕፃን ግን ብር ብቻውን አይሆንም፣ አልሚ ምግብና ጤና ጣቢያ ያስፈልገዋል።

የግድ ዕቃ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ወረዳው ጋ ደውላችሁ የጎደለውን ጠይቁ። እኛ ጫማ ስናስር እነሱ ያጡት ጀሪካን ነበር።