ሐይቁ ዳር ሎጅ ሊሠራ ነው፤ ቀኑን ግን አልነገሩኝም

ጥያቄ፦ የምንኖረው ጣና ዳር ነው። አንድ ባለሀብት ደንገሉን አስጨፍጭፎ፣ ረግረጉን በአፈር እየሞላ ሎጅ ሊሠራ ማሽን አስገብቷል። ቦታው ለጥንታዊ ገዳም ቅርብ ነው። ስብሰባ ተጠርተን ተቃውመናል። ለብዙ ቢሮ አመልክተን ሰሚ አጣን። መክሰስ እንችላለን?

መልስ፦ ይችላሉ። የግል ጥቅሜ ተነካ ብለው ማስረዳትም አይጠበቅብዎትም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995 አንቀጽ 11 አካባቢን በሚጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል ላይ ማንም ሰው አቤት እንዲል ይፈቅዳል። በአዋጅ 299/1995 ደግሞ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ (ሥራው በአካባቢው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አስቀድሞ የሚመረምር ጥናት) የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ይሁንታ ሳያገኝ ሥራ መጀመር አይችልም። ጣና ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል፣ ማለትም ተፈጥሮና የሰው ኑሮ ተስማምተው እንዲቀጥሉ የታሰበ ቦታ፣ መሆኑ ብቻውን ግንባታ አያስቆምም፤ ክርክርዎን ግን ያግዛል።

እኔን ያሳሰበኝ ያልጻፉት ነገር ነው። «ለብዙ ቢሮ አመልክተናል» ብለዋል። መቼ? ለየትኛው ቢሮ? በጽሑፍ ነው በቃል?

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። አቤቱታው መጀመሪያ የሚቀርበው ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው፤ እንደ ፈቃዱ ዓይነት ለክልሉ ወይም ለፌዴራሉ። በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ ወይም ውሳኔው ካላረካዎት፣ ከዚያ በኋላ ባሉት 60 ቀናት ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ አለብዎት። ልብ ይበሉ፣ የቢሮው ዝምታም ቀን ያስቆጥራል። ሰው ግን «መልስ እየጠበቅን ነው» ብሎ ይቀመጣል። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ሰኞ ኑ ይባላል፣ ሰኞ መጥቶ ያልፋል፣ ከዚያ ወረዳ፣ ከዚያ ዞን፣ ከዚያ ሬዲዮ ጣቢያ እየተባለ ወራት ይሄዳል። መጮኹን አልቃወምም። ለወረዳው የጻፉት ደብዳቤ ግን ለአካባቢ ጥበቃ እንደቀረበ አቤቱታ ላይቆጠር ይችላል። የባለሀብቱ ጠበቃ መጀመሪያ የሚያነሳው መቃወሚያ ይሄ ነው። ወይ «ለሚመለከተው አካል ሳያመለክቱ መጡ» ይላል፣ ወይ «ጊዜው አልፏል»። ስለ ደንገሉም ሆነ ስለ ገዳሙ አንድ ቃል ሳይነሳ መዝገቡ ይዘጋል።

ስለዚህ አቤቱታውን በመዝገብ ቤት ያስገቡ። ቀን፣ ቁጥርና ማኅተም ያለበት ቅጂ በእጅዎ ይቅር። አንቀበልም ካሉ በሪኮማንዴ ይላኩና ደረሰኙን ይያዙ። በቃል ያመለከቱት እንዳላመለከቱ ይቆጠር፤ ዛሬውኑ በጽሑፍ ያድርጉት።

ስብሰባው ላይስ ፈርመዋል? አይቆጡኝና፣ «የመገኘት ፊርማ ነው» ተብሎ የተሰበሰበ ወረቀት ከቃለ ጉባኤ ጋር ተያይዞ «ኅብረተሰቡ ተስማምቷል» ለማለት ሊውል ይችላል። ሳያነቡ መፈረም ምን ይሉታል? የቃለ ጉባኤውን ኮፒ ይጠይቁ። የተጽዕኖ ግምገማ ሰነዱንም ይጠይቁ፤ አዋጁ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ያዛል። ረግረጉን አሁኑኑ ቀን በሚያሳይ ፎቶ ያንሱ።

የገዳሙን ጉዳይ ከዚህ ጋር አይቀላቅሉት። ከገዳሙ አስተዳዳሪ ጋር ሆነው ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንና ለክልሉ የባህልና ቱሪዝም ቢሮ ለብቻው ይጻፉ።

ማሽኑ ሥራ ላይ ስለሆነ የእግድ ጥያቄም (ክርክሩ እስኪያልቅ ሥራው እንዲቆም ፍርድ ቤቱን መጠየቅ) አብሮ መታየት አለበት። ይህን ደግሞ ሰነዶችዎን ያላየ ሰው፣ እኔንም ጨምሮ፣ ሊወስንልዎ አይችልም። በዚህ ሳምንት ያሉዎትን ወረቀቶች በሙሉ ይዘው ጠበቃ ያማክሩ፤ አዋጆቹ ተሻሽለው እንደሆነም እሱ ያጣራ። ከእናንተ መካከል ከባለሀብቱ ካሳ የተቀበለ ሰው ካለም ቀድመው ይንገሩት። ችሎት ላይ ከተቃራኒ ወገን አፍ ከሰማው በኋላ ብዙ ሊያደርግልዎ አይችልም።