ሲሸልስ ልትሄዱ ያሰባችሁ፣ ጠይቁኝ

ሰላም ናችሁ? የሲሸልስ ዋና ደሴት ማሄ ላይ ሦስት ዓመት ሠርቼ የተመለስኩ ነኝ። ከዚያ ወዲህም ሁለቴ ለእረፍት ሄጃለሁ። ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚጠይቀኝ ስለበዛ ሁሉንም እዚሁ ልመልስ። ግን ሁለት ነገር አስቀድሜ ልበል። ስትጠይቁ ወሩን፣ የቀኑን ብዛትና ከማን ጋር እንደምትሄዱ ጻፉ። ሁለተኛ፣ አብዛኞቻችን ደገኞች ነን፣ ባሕር አናውቅም። ነፋሱ ከየት በኩል እንደሆነ ሳትጠይቁ ውኃ ውስጥ አትግቡ። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እለዋለሁ።

ከሐዋሳ፦ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ ያስፈልጋል?

መልስ፦ አያስፈልግም። ሲሸልስ ከሞላ ጎደል ከየትኛውም አገር ዜጋ ቪዛ አትጠይቅም። ይህ ማለት ግን ዝም ብለህ ትሳፈራለህ ማለት አይደለም። ከመነሳትህ በፊት በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ ትሞላለህ፣ ክፍያ አለው። የመመለሻ ትኬት፣ የማረፊያ ማስረጃና ለቆይታህ የሚበቃ ገንዘብ ማሳየት አለብህ። ቢጫ ካርድህንም ያዝ። ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች ይጠይቁሃል፤ ክትባቱም ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ የተወሰደ መሆን አለበት። አንድ የማውቀው ሰው ሻንጣውን ሁሉ አስረክቦ በዚህች ካርድ ምክንያት ወደ ቤቱ ተመልሷል።

ሙሽራው፦ መቼ ብንሄድ ጥሩ ነው?

መልስ፦ ወር አልጻፍክም፣ ግን ይህ ለሁሉም ስለሚጠቅም በደንብ ልመልሰው። ሲሸልስ ውስጥ ወቅት ማለት ነፋስ ማለት ነው። ሙቀቱ ዓመቱን ሙሉ ያው ነው፤ ደሴቶቹ ከምድር ወገብ በታች አራት አምስት ዲግሪ ላይ ናቸው። የሚለወጠው ነፋሱ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ከደቡብ ምሥራቅ ይነፍሳል። ዝናቡ ይቀንሳል፣ አየሩ ቀለል ይላል፣ ባሕሩ ግን በዚያ በኩል ይቆጣል። እኛ ክረምት ላይ ሆነን ጃንጥላ ስንዘረጋ እነሱ ደረቅ ወቅት ላይ ናቸው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ደግሞ ነፋሱ ዞሮ ከሰሜን ምዕራብ ይመጣል፣ ዝናቡም አብሮት። ጥር ላይ ቀኑን ሙሉ ሊዘንብ ይችላል።

በሁለቱ መካከል ነፋሱ ሲዞር ባሕሩ ጸጥ ይላል። ሚያዝያ አካባቢ አንድ ጊዜ፣ ከጥቅምት እስከ ኅዳር አጋማሽ ደግሞ ሌላ ጊዜ። ውኃው እንደ መስታወት የሚሆነው ያኔ ነው። ስለዚህ ሰው «የትኛው ባሕር ዳርቻ ያምራል?» ብሎ ሲጠይቀኝ መልሼ «በየትኛው ወር?» የምለው ለማስቸገር አይደለም። ሐምሌ ላይ የምትሄዱ ከሆነ ማሄ ላይ ቦ ቫሎን፣ ፕራስሊን ደሴት ላይ ደግሞ አንስ ላዚዮ ይሻላችኋል፤ ሁለቱም በሰሜን ምዕራብ በኩል ናቸው፣ ደሴቱ ራሱ ነፋሱን ይከልላቸዋል። ታኅሣሥና ጥር ላይ ተቃራኒውን አድርጉ።

ቆጣቢዋ፦ ስንት ብር ይበቃል?

መልስ፦ ለስንት ቀን? ለስንት ሰው? እንዲሁ በጅምላ አልመልስም። ውድ አገር ነው፣ አብዛኛው ነገር በመርከብ ከውጭ የሚገባ ነው። ወጪ የሚቀንሰው ኩሽና ያለው ጌስት ሀውስ መያዝ፣ ምሳ ከመንገድ ዳር ምግብ ቤቶች ጠቅልሎ መውሰድና በባስ መሄድ ነው። የማሄ ባስ ርካሽ ነው፣ ትልቅ ሻንጣ ግን አያስገባም። ድንኳን ይዤ ባሕር ዳር አድራለሁ የምትሉ ካላችሁ ተዉት፣ ካምፕ ማድረግ በሕግ ክልክል ነው።

ሯጩ፦ ተራራ መውጣት እወዳለሁ። ከባሕሩ ሌላ የሚሠራ ነገር አለ ወይ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ሲሸልስ ሲባል ሰው አሸዋ ብቻ ነው የሚታየው። ማሄ ግን ተራራ ናት፤ ባሕሩ ግርጌዋ ላይ ያለ ቀሚስ ነው። ከሁሉም ረጅሙ ሞርን ሲሸልዋ 905 ሜትር ይደርሳል፣ ዙሪያውም ከእ.ኤ.አ. 1979 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው።

እንጦጦን ለምዶ ያደገ ሰው 905 ሜትር ሲባል ይንቃል። አትናቁ። የምትነሱት ከባሕር ጠለል አጠገብ ነው፣ እርጥበቱም ከባድ ነው፣ ላብ አይደርቅም። ደገኛ ሳንባ አይደክምም፣ ሰውነት ግን ውኃ ይጨርሳል። ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ያዙ፣ ጠዋት ከአንድ ሰዓት በፊት ጀምሩ።

ለመጀመሪያ ቀን ኮፖሊያን ውጡ። መነሻው ዋና ከተማዋን ቪክቶሪያን ከምዕራቡ ጠረፍ በሚያገናኘው የሳን ሱሲ መንገድ ላይ ነው፣ ለመውጣት አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ጫካው ቀረፋ ብቻ ይመስላል። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለቅመም ንግድ ብለው ያመጡት ተክል ነው፣ አሁን ተራራውን ወሮታል። አንድ ቅጠል ጨፍልቃችሁ አሽትቱ፣ የቅመም ሻይ ሽታ ነው። ከዚያ ጫካው በድንገት ያልቅና ሰፊ ራቁት ግራናይት ላይ ትወጣላችሁ። ያ ድንጋይ 750 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያለው ነው። አብዛኞቹ የውቅያኖስ መሀል ደሴቶች እሳተ ገሞራ የወለዳቸው ወይም ኮራል የገነባቸው ናቸው፤ እነዚህ ግን ሕንድና ማዳጋስካር ሲለያዩ መሀል ላይ የቀሩ የጥንት አህጉር ቁራጮች ናቸው። ድንጋዩ ላይ ቅጠሉ እንደ ትንሽ ማሰሮ የሆነ፣ ነፍሳት እያጠመደ የሚበላ ተክል ታያላችሁ። በተፈጥሮ የሚበቅለው ሲሸልስ ብቻ ነው። አትንኩት፣ አትርገጡት፣ እባካችሁ።

ቀጥሎ ሞርን ብላን አለ፣ 667 ሜትር። ከአንድ የሻይ ፋብሪካ አጠገብ ይነሳል፣ ዳገቱ ይበረታል፣ ከጫፉ ምዕራቡ ጠረፍ ከነኮራሉ ከእግራችሁ ሥር ነው። ሞርን ሲሸልዋን ራሱን ግን ያለ መሪ አትሞክሩት። መንገዱ በቅጡ ምልክት አልተደረገበትም፣ ጉም ከወረደ መመለሻ ይጠፋል። ዝናብ ከጣለ ደግሞ የትኛውም ድንጋይ ሳሙና ነው። እኔ ኮፖሊያ ላይ ተንሸራትቼ አንጓዬ ተሰብሮ ስድስት ሳምንት በጀሶ ከርሜአለሁ። ዝናብ ካለ ለሌላ ቀን አቆዩት።

ሯጩ፦ እባብስ?

መልስ፦ ሰው የሚጎዳ የለም። መቶ እግር ግን ንክሻዋ ያማል፣ ጫማችሁን አራግፋችሁ አድርጉ። ወባም የለም፣ ደንጊ ግን አለ፣ የትንኝ መከላከያ ያዙ።

ጡረታ ላይ፦ ጉልበቴ ዳገት አይችልም። ተራራውን ከመኪና ማየት ይቻላል?

መልስ፦ በደንብ ይቻላል ጋሼ። ያንኑ የሳን ሱሲ መንገድ በመኪና ይውጡ፣ ጠመዝማዛ ስለሆነና በግራ በኩል ስለሚነዳ ግን ሾፌር ቢይዙ ይሻላል። መንገዱ ላይ ሚሽን የሚባል የድሮ ፍርስራሽ አለ። ከባሪያ ጫኝ መርከቦች ነፃ የወጡ ሕፃናት የተማሩበት ቦታ ነው። ዛፎቹ መሀል ድንጋይ ብቻ ቀርቷል፣ ፊት ለፊቱ ተራራና ባሕር። እዚያ ትንሽ ይቀመጡ። እንግሊዞች ሲሸልስን የግዞት አገርም አድርገዋት ነበር። በዛሬዋ ጋና የአሻንቲው ንጉሥ ፕሬምፔህ ከእ.ኤ.አ. 1900 እስከ 1924 እዚያ ኖረዋል፣ በዛሬዋ ኡጋንዳ የቡንዮሮው ንጉሥ ካባሌጋና የቡጋንዳው ምዋንጋም እንዲሁ። የቆጵሮሱ ሊቀ ጳጳስ ማካሪዮስም በእ.ኤ.አ. 1956 ተግዘው ያረፉት ሳን ሱሲ ነው። የምዕራብና የምሥራቅ አፍሪካ ነገሥታት እዚያች ትንሽ ደሴት ላይ ጎረቤት ሆነው መኖራቸው ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ከአዳማ፦ ቪዛ ያስፈልጋል እንዴ?

መልስ፦ ከላይ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። አንብቡ እንጂ።

የሁለት ልጆች እናት፦ በሐምሌ ከ6 እና ከ9 ዓመት ልጆቼ ጋር ለ7 ቀን። ላ ዲግ ደሴት ላይ ያለውን ግራንድ አንስ ባሕር ዳርቻ በፎቶ አይቼው ወደድኩት። ለልጆች ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም እህቴ፣ በሐምሌ በፍጹም። ወርሽን ስለጻፍሽ አመሰግናለሁ፣ ለዚህ ነው የምጠይቀው። ግራንድ አንስ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ነው፣ ነፋሱ ፊት ለፊት ይመታዋል። ከላይ ሲያዩት ሰማያዊ ነው፣ ከሥር ግን ወደ ውስጥ የሚስብ ኃይለኛ ውኃ አለ። ጎበዝ ዋናተኛ የሚወስድ ነው። ከአጠገቡ ያሉት ፕቲት አንስና አንስ ኮኮም ያው ናቸው። አሸዋው ላይ ተቀመጡ፣ ፎቶ ተነሱ፣ ወደ ውኃው ግን ጉልበት ድረስ እንኳ አትግቡ።

ልጆችሽን አንስ ሱርስ ዳርዣን ውሰጃቸው። እዚያው ላ ዲግ ላይ በምዕራብ በኩል ነው። ኮራሉ ማዕበሉን ስለሚያስቆመው ውኃው ጥልቀት የለውም። የሚገባው በዩኒየን እስቴት በኩል ነው፣ መግቢያ ይከፈላል፣ ግዙፍ ኤሊዎችም እዚያው አሉ፣ ልጆች ይወዷቸዋል። ደሴቷ ላይ ሰው የሚሄደው በብስክሌት ስለሆነ የልጅ መጠን ያለው ለምኚ። ግን እዚያም ቢሆን ዓይንሽን ከልጆችሽ ላይ አትንቀዪ።

ከመቐለ፦ ይህ ሁሉ ወጪ ከሚወጣ ዛንዚባር አይሻልም?

ሐረርጌ፦ ዛንዚባር ታሪክ አለው፣ ምግቡም የኛን ይመስላል፣ ዋጋውም ግማሽ ነው።

ሯጩ፦ ዛንዚባር ተራራ የለውም እኮ።

ሐረርጌ፦ ተራራ ለማየት ባሕር ተሻግሮ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ማን ነው? ሰሜን ተራሮች እያሉ!

መልስ፦ ዛንዚባር ጥሩ ነው፣ ሌላ ነገር ነው። ስቶን ታውን የሚባለውን ጥንታዊ ከተማ የሚፈልግ፣ ገበያና ሕዝብ የሚወድ እዚያ ይሂድ። ጸጥታ የሚፈልግ ሲሸልስ። ጠቅላላ ሕዝቡ መቶ ሺህ ገደማ ነው፣ አብዛኛውም ማሄ ላይ ነው። ወደ ጥያቄ እንመለስ።

ጾመኛዋ፦ በዐቢይ ጾም መጨረሻ ለ5 ቀን ብሄድ ምን እበላለሁ?

መልስ፦ አትቸገሪም። ሩዝና ምስር በየቤቱ አለ። የዳቦ ፍሬ የሚሉት አለ፣ ተቀቅሎም ተጠብሶም ድንች ይመስላል። አትክልቱን በኮኮናት ወተት ነው የሚሠሩት። ላዶብ የሚባለውን ቅመሺ፤ ሙዝ ወይም ስኳር ድንች ከቫኒላ ጋር በኮኮናት ወተት የሚበስል ነው። ቅቤና የላም ወተት እንዳይጨምሩ ግን አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

ከባሕር ዳር፦ ዓሣ አለ አይደል? በጾም ዓሣ ይበላል።

ጾመኛዋ፦ ማን አለህ? በዐቢይ ጾም አይበላም።

ከባሕር ዳር፦ አያቴ ጣና ዳር ኖረው በጾም ሲበሉ ነው ያየኋቸው።

ሐረርጌ፦ እዚያ የሚበሉት ደግሞ ኦክቶፐስ ነው፣ ክንፍም ቅርፊትም የለው፣ በፍስክም አይሆንም!

መልስ፦ ይህን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ጨርሱት። እኔ የማውቀው ደሴቱን ነው።

ከዱባይ፦ እኔ የቤት ሠራተኛ ነኝ። አንድ ሰው ሲሸልስ ቪዛ ስለማትጠይቅ ገብተሽ ሥራ ታገኛለሽ አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ውሸት ነው እህቴ። በጎብኚ ፈቃድ መሥራት ክልክል ነው። የሥራ ፈቃድ የሚያወጣልሽ ቀጣሪው ነው፣ ያውም አንቺ ከመሄድሽ በፊት። ገንዘብ ክፈዪ ካለሽ ደላላ ነው፣ አንድ ሳንቲም እንዳትሰጪው። ትገቢያለሽ፣ ሥራ አይኖርሽም፣ ያጠራቀምሽው በሁለት ሳምንት ያልቃል። እኔ ሳለሁ እንዲህ ሆነው ያለቀሱ ልጆች አይቻለሁ። ዕረፍት አግኝተሽ ለመዝናናት ከሆነ ግን ከዱባይም ቀጥታ በረራ አለ፣ ደስ ይልሻል።

ከአዲሱ ገበያ፦ በርበሬ፣ ቋንጣና ጥሬ ቡና ይዤ ብገባስ?

መልስ፦ ቋንጣ ተዪው። ሥጋ፣ ዘር፣ ፍራፍሬ ያለ ፈቃድ አይገባም፣ ጥሬ ቡናም ዘር ነው። ሌላውን ስትገቢ አሳውቂ፣ አትደብቂ። ስትወጪም ኮኮ ደ ሜር ያለ ማረጋገጫ ወረቀት እንዳትይዢ። በዓለም ትልቁ ዘር ነው፣ አንዱ ብቻ 25 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። በተፈጥሮ የሚበቅለው ፕራስሊንና ኩሪዩስ ደሴቶች ላይ ብቻ ነው። ፕራስሊን ላይ ቫሌ ደ ሜ ጫካ ገብተሽ እይው፣ ከእ.ኤ.አ. 1983 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው።

እንግዳ፦ ባሕሩ አደገኛ ነው ወይ?

መልስ፦ የትኛው ባሕር? በየትኛው ወር? ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለማን ነው?

ሙሽራው፦ እሺ፣ አሁን በደንብ ልጠይቅ። ሚያዝያ 20፣ ለ8 ቀን፣ እኔና ባለቤቴ። ከፋሲካ በኋላ ስለሆነ ጾም የለም። እሷ ዋና አትችልም። ሁለታችንም ጸጥታ ነው የምንፈልገው።

መልስ፦ እንዲህ ነው የሚጠየቀው። ወሩ ጥሩ ነው፣ ነፋሱ እየዞረ ያለበት ነው። ከቦሌ በቀጥታ አራት ሰዓት ገደማ ትበራላችሁ፣ እዚያ ሰዓታቸው ከኛ በአንድ ይቀድማል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀን ማሄ ላይ ሁኑ፣ አንዱን ጠዋት ኮፖሊያ። ከዚያ በፈጣኑ ጀልባ ወደ ፕራስሊን፣ አንድ ሰዓት ነው፣ መርከብ የሚያጥወለውለው ካለ መድኃኒቱን ቀድሞ ይውሰድ። እዚያ ሁለት ሌሊት፣ ቫሌ ደ ሜን እዩ። የቀረውን ላ ዲግ ላይ። ከፕራስሊን 15 ደቂቃ ነው። ብስክሌት ተከራዩ፣ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ሱርስ ዳርዣን ግቡ፣ ያኔ ጎብኚው ይቀንሳል። እሷ ውኃው እስከ ወገቧ ብቻ ትግባ፣ አንተም ከአጠገቧ አትራቅ። ማታ ብስክሌቱ መብራት ይኑረው፣ ፀሐይ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ትገባለች፣ ከዚያ በኋላ መንገዱ ጨለማ ነው። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ነፋሱ ዞሮ እንደሆነ የጌስት ሀውሱን ባለቤት ጠይቅ።