የበቆሎ ፌስታል ማንጎ ይችላል?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ ፍራፍሬ እሸጣለሁ። አንድ ነጋዴ «ከበቆሎ ስታርች የተሠራ፣ ራሱ የሚበሰብስ ፌስታል ነው» እያለ ያግባባኛል። ዋጋው ግን ወደድ ይላል። አቦ፣ እውነቱን ነው ወይስ እየሸወደኝ ነው? ማንጎስ ይችላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ዕቃው በዓለም ላይ አለ። ሰውየውን ግን ፈትኚው።

ስታርች በውሃና በግሊሰሪን ሲሞቅ ይወፍርና እንደ ፕላስቲክ ይዘረጋል። ግሊሰሪኑ ካነሰ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ የድሬ ደረቅ ሐሩር ደግሞ ያባብሰዋል፤ ከበዛ እርጥበት እየሳበ ይልፈሰፈሳል። ለዚህ ነው ሴሉሎስ፣ ማለትም የተክል ጭረት የሚሠራበት ነገር፣ የሚጨመርበት። ጥጥ 90 በመቶ ገደማው ሴሉሎስ ነው፤ ቃጫና አገዳ ውስጥም ሞልቷል። ስታርቹም ሴሉሎሱም የተሠሩት ከግሉኮስ ነው፣ አገጣጠሙ ግን ይለያያል፤ ድንች ስንበላ ሆዳችን የሚፈጨው፣ ጥጡን ግን የማይችለው በዚሁ ምክንያት ነው። ዘመዳሞች ስለሆኑ ጥሩ አድርገው ይያያዛሉ፤ ጭድ የጭቃ ግድግዳን እንደሚይዘው የሴሉሎሱ ጭረት ስታርቹን ይይዘዋል። ጥንካሬው ይጨምራል፣ ውሃ መሳቡም ይቀንሳል።

ይቀንሳል እንጂ አይቀርም። ደረቅ ማንጎ ችግር የለውም። ታጥቦ የሚንጠባጠብ ማንጎ ከሆነ ግን የስታርቹ ከረጢት ይለሰልስና መንገድ ላይ ጉድ ይሠራሻል። ፋብሪካዎች ብዙ ጊዜ ሌላ የሚበሰብስ ፕላስቲክ የሚቀላቅሉበት ለዚህ ነው። ከሚቀላቀሉት አንዱ ፒኤልኤ ነው፤ እሱ ቶሎ የሚበሰብሰው 60 ዲግሪ ገደማ በሚሞቅ የኮምፖስት (የብስባሽ ማዳበሪያ) ማምረቻ ውስጥ ነው። ስለዚህ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ብትጥይው ወዲያው ይጠፋል ብለሽ እንዳትጠብቂ። ድሬ ትሞቃለች፣ እሺ፤ ለመበስበስ ግን እርጥበትና ተህዋስያንም ያስፈልጋሉ።

የሽወዳው ዓይነት ይሄ ነው፦ ተራ ፌስታል ውስጥ ጥቂት ስታርች ይጨምሩና «የሚበሰብስ» ይሉታል። ስታርቹን ተህዋስያን ይበሉታል፣ ፕላስቲኩ ተበጣጥሶ አፈሩ ውስጥ ይቀራል። (ከ0.03 ሚሊሜትር የማይበልጠውን የማይበሰብስ ስስ ፌስታልማ ማምረትም ማስገባትም በ1999 ዓ.ም. ተከልክሎ ነበር፣ ሰሚ ጠፍቶ እንጂ።)

አንድ ቁራጭ ቆርጠሽ ውሃ ውስጥ ዝፈቂ፣ አየር እንዳይዝ በጣትሽ አሸት አሸት አድርጊው። ተራ ፌስታል ከውሃ ስለሚቀል ተመልሶ ይንሳፈፋል። የስታርቹ ይሰምጣል። ከተንሳፈፈ ሰውየውን በሰላም ሸኚው። ከሰመጠም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄት በብዛት የተቀላቀለበት ፌስታልም ይሰምጣልና። ያኔ «ኢኤን 13432» የሚል የምስክር ወረቀት አለህ ወይ በዪው። ይህ የአውሮፓ መስፈርት ነው፤ ፕላስቲኩ በኮምፖስት ማምረቻ ሁኔታ በ6 ወር ውስጥ ቢያንስ 90 በመቶ መበስበሱ መረጋገጥ አለበት። ወረቀት ከሌለው ገንዘብሽን ያዢ፣ ደንበኞችሽም ዘንቢላቸውን ይዘው ይምጡ።