ብቻዬን ነኝ፣ ርቦኛል፣ ፓስታ አለኝ

ሆቴል ኩሽና ውስጥ ሠርቻለሁ። አሁን የምኖረው አራት ኪሎ ነው፣ ብቻዬን። ማታ ደክሞኝ ስገባ ወጥ የመሥራት ወኔ ስለሌለኝ ብዙውን ጊዜ ፓስታ እቀቅላለሁ። "ለአንድ ሰው ስለሚሆን ፓስታ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ" ብዬ ነበር፣ ጥያቄው ጎረፈ። የደረስኩባቸውን እነሆ።

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)፦ ሁሉም ሰው "20 ደቂቃ ይበቃል" ይላል። እኔ ግን አንድ ሰዓት ይፈጅብኛል። ምንድነው የማጠፋው?

መልስ፦ ቅደም ተከተሉ ነው እህቴ። መጀመሪያ ሽንኩርት ትልጫለሽ፣ ትከትፊያለሽ፣ ታቁላያለሽ፣ ስጎው ሲያልቅ ውሃ ትጥጃለሽ። ገልብጪው። በር ከፍተሽ እንደገባሽ፣ ቦርሳሽን ሳታስቀምጪ ውሃ ጣጂ። አንድ ሊትር ይበቃል። ክዳኑን ግጠሚበት፣ ያለ ክዳን የተጣደ ውሃ እስኪፈላ ያስረጃል።

ልብስሽን ቀይረሽ፣ እጅሽን ታጥበሽ ስትመለሺ ውሃው ሊፈላ ደርሷል። ያኔ ሁለት የበሰለ ቲማቲም፣ ግማሽ ቀይ ሽንኩርት፣ ሁለት ፍሬ ነጭ ሽንኩርትና አንድ ቃሪያ ክተፊ። ውሃው ሲፈላ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ሞላ አድርገሽ ጨምሪ፣ ፓስታውን ክተቺ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃ ሳታቋርጪ አማስይ። ከዚያ ወደ መጥበሻው ዙሪ። ዘይት፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ወዲያው ቲማቲምና ቃሪያ። ቲማቲሙ ውሃውን አውጥቶ ሲንተከተክ እሳቱን ቀንሺለት።

አሁን ዋናው ነገር። ፓስታውን ከማጥለልሽ በፊት ከድስቱ ውሃ አንድ የቡና ስኒ ጨልፈሽ አስቀምጪ። ፓስታው ትንሽ ጠንከር እንዳለ ወደ መጥበሻው ገልብጪው፣ ያንን ስኒ ውሃ አፍስሺበት፣ እሳቱን ጨምረሽ አንድ ሁለት ደቂቃ እያገላበጥሽ አብስይው። ውሃው ውስጥ ያለው ስታርች፣ ማለትም ፓስታው የሚለቀው ውሃውን የሚያደበዝዘው ነገር፣ ዘይቱንና ቲማቲሙን ያያይዘዋል። ስጎው ሳህኑ ሥር አይተኛም፣ ፓስታው ላይ ይለጠፋል። ቤት የተሠራ ፓስታ "የሆነ ነገር ጎደለው" የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚህች ስኒ ውሃ ምክንያት ነው።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ለአንድ ሰው ብዬ እጀምርና ለሦስት ሰው ይሆናል። መጠኑ እንዴት ይታወቃል?

መልስ፦ ደረቁ ፓስታ ከ80 እስከ 100 ግራም ለአንድ ሰው ራት ነው። ሚዛን አያስፈልግህም። የ500 ግራም ማሸጊያ አምስት ራት ነው ማለት ነው። ስፓጌቲ ከሆነ በአውራ ጣትህና በሌባ ጣትህ ጨብጠው። የጭብጡ ስፋት ከአንድ ብር ሳንቲም ትንሽ ጠበብ ካለ ልክ ነው። በጣም ርቦህ ከገባህ እጅህ እንደሚዋሽህ እወቅ።

ጥያቄ (ከስድስት ኪሎ)፦ ማሸጊያው 8 ደቂቃ ይላል። 8 ደቂቃ ቀቅዬ ሳወጣው መሀሉ ጥሬ ነው። ፓስታው ነው ወይስ እኔ?

መልስ፦ ከተማው ነው። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ስድስት ኪሎና ሽሮ ሜዳ ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላሉ። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ ግፊቱ ሲቀንስ ውሃ ቶሎ ይፈላል። ባህር ዳርቻ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ ድስትህ እየተንፈቀፈቀ ቢሆንም ውሃው የማሸጊያውን ጽሑፍ የጻፈው ሰው እንዳሰበው አይሞቅም።

እሳት መጨመር አይረዳም። የፈላ ውሃ እሳት ቢጨመርበት ተንኖ ያልቃል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። የሚረዳው ጊዜ ነው። 8 ካለ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ጠብቅ። ያው ፓስታ ድሬዳዋ ላይ ቢቀቀል ከእኛ ቀድሞ ይደርሳል።

ሰዓቱን ትተህ ፓስታውን ጠይቀው። አንድ ዘንግ አውጥተህ በጥርስህ ቁረጠውና የተቆረጠውን ጫፍ እይ። መሀሉ ላይ ነጭ ነጥብ ካለ ገና ነው። ነጥቡ እንደ መርፌ ጫፍ ሲቀር አጥልለው፣ የቀረውን መጥበሻው ላይ ይጨርሳል። ነጥቡ ከጠፋ ብዙ ከቆየ ደግሞ ሙክክ ይልብሃል። ዱረም ከሚባለው ጠንካራ ስንዴ የተሠራ ፓስታ ይህን ጊዜ ይችላል። ከተራ የዳቦ ዱቄት የተሠራው ግን ውሃውን ያደፈርሰዋል፣ ከጥሬ ወደ ሙክክ የሚዘለውም በአንድ ደቂቃ ነው።

ጥያቄ፦ እንዳይጣበቅ ውሃው ላይ ዘይት ልጨምር?

መልስ፦ አይ። ዘይቱ ላይ ላዩን ይንሳፈፋል፣ ፓስታው ታች ነው። ማማሰያ ይበቃሃል።

ጥያቄ፦ ሲደርስ በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብስ?

መልስ፦ ሰላጣ ካልሆነ በስተቀር አታጥቡት። ስጎውን የሚያይዘው ያ የምታጥቡት ስታርች ነው።

ጥያቄ (ከአምባሳደር አካባቢ)፦ ረቡዕና ዓርብ ምን ልሥራ? በቲማቲም ሰለቸኝ።

መልስ፦ ጣሊያኖች አልዮ ኤ ኦልዮ የሚሉት አለ፣ የኔፕልስ ምግብ ነው። ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ብቻ። ቅቤ የለው፣ ወተት የለው። ሦስት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት በስሱ ክተፊ። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ገና ቀዝቃዛ ሳለ ነጭ ሽንኩርቱን ጨምሪበትና በትንሽ እሳት ይሙቅ። ዳርዳሩ ወርቅማ ሲሆን መጥበሻውን ከእሳት አውርጂው። ቡናማ ከሆነ መሯል፣ ጥለሽ እንደ አዲስ ጀምሪ፣ ሌላ መድኃኒት የለውም። ቆንጠር ያለ ሚጥሚጣ፣ ያቺ ስኒ ውሃ፣ ፓስታው፣ አለቀ። በሶብላ ካለሽ ቅጠሉን በእጅሽ ቀንጥሰሽ መጨረሻ ላይ በትኚው።

ሁለት ማሳሰቢያ። ደረቅ ፓስታ ብዙ ጊዜ ስንዴና ውሃ ብቻ ነው፣ እንቁላል የገባበትም ስላለ ማሸጊያውን አንብቢ። ቱናን በተመለከተ፣ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ከንስሐ አባትሽ ጋር ጨርሺው። እኔ አልገባበትም።

ጥያቄ (ከልደታ)፦ የቲማቲም ድልህ ስጠቀም ይመረኛል፣ ይጎመዝዘኛል። ለምን?

መልስ፦ በዝቷል፣ አልበሰለምም። ለአንድ ሰው አንድ የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ በቂ ነው። ውሃ ከመጨመርህ በፊት በዘይት አቁላላው። ደማቁ ቀይ ቀለም ጠቆር ሲልና ዘይቱ ዳር ዳር ሲወጣ በስሏል። አሁንም ከጎመዘዘህ ካሮት ፈቅፍቀህ አብረህ አብስል። ስኳር የሚጨምሩ አሉ፣ እኔ ካሮቱን እመርጣለሁ።

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)፦ አከራዬ "ቆጣሪው ይቆጥራል" እያሉ ምድጃ እንዳልጠቀም ይቆጣጠሩኛል። ያለኝም አንድ ምድጃ ነው።

መልስ፦ ጎረቤቴ ነህ፣ አይዞህ። አንድ መጥበሻ ይበቃሃል። ሰፋና ጎድጎድ ያለ ይሁን። ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን አቁላላ፣ ስፓጌቲውን ለሁለት ሰብረህ ላዩ ላይ አስተኛው፣ እስኪሸፍነው ድረስ ውሃ ጨምር። ጨው ቀነስ አድርግ፣ ውሃው አይደፋምና። እየደጋገምክ አማስል። ሲደርቅብህ ጠብታ ጨምር። ፓስታው ሲደርስ ውሃውም ስጎ ሆኗል። ስፓጌቲ መስበር ነውር ነው የሚልህ ካለ ኪራይህን ይክፈልልህ።

ጥያቄ፦ ፓስታው ግማሽ ላይ እያለ መብራት ጠፋ። ልድፋው?

መልስ፦ ለምን ሲባል! ፓስታው ገብቶ ሦስት አራት ደቂቃ ከፈላ በኋላ ከሆነ፣ አንዴ አማስለህ ክዳኑን ግጠም፣ ድስቱን በወፍራም ፎጣ ጠቅልለውና ተወው። ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ በራሱ ሙቀት ይደርሳል። ቡታጋዝ ያላችሁም ጋዝ ለመቆጠብ እንዲህ ማድረግ ትችላላችሁ። ውሃው ሳይፈላ ከጠፋ ግን ፓስታውን አትክተተው፣ ሊጥ ይሆንብሃል።

ጥያቄ (አንድ አባት)፦ ልጄ፣ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን ነው የምበላው። ስኳርም አለብኝ። ፓስታ ይሆነኛል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ነፍስ ይማር። መጠኑን ሐኪምዎ ይንገሩዎት፣ እኔ ከኩሽናው በኩል ያለውን ልንገርዎት። ፓስታውን 60 ግራም አካባቢ ያድርጉት። የሳህንዎን ግማሽ በጎመን፣ በፎሶሊያ፣ በካሮት ይሙሉት፣ አትክልቱን ፓስታው ሊደርስ አራት ደቂቃ ሲቀረው እዚያው ድስት ውስጥ ቢጨምሩት ሌላ ዕቃ አያጥቡም። የተቀቀለ ምስር ወይም አንድ እንቁላል ቢታከልበት ጥሩ ነው። ፓስታው ሙክክ ሳይል ያውጡት፣ ጠንከር ያለው ዝግ ብሎ ነው የሚፈጨው። ድስቱን ሲያጥልሉ ደግሞ እንፋሎቱ እጅዎን እንዳያቃጥልዎ ከሰውነትዎ አርቀው ያዘንብሉት።

ጥያቄ (ከሜክሲኮ)፦ ፓርሚጃኖ የሚባለው የጣሊያን አይብ ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። በምን ልተካው?

መልስ፦ በደረቀ ዳቦ። የደቡብ ጣሊያን ድሆች አይብ ሲያጡ ያደርጉት የነበረ ነው። ያደረ ዳቦ ፈቅፍቂ፣ በትንሽ ዘይት ጨውና ቁንዶ በርበሬ ጨምረሽ እስኪቀላ አመሺው፣ ፓስታው ላይ በትኚው። ይንኮሻኮሻል፣ ጾምም ነው። የኛ አይብ ከሆነ ደግሞ እሳት ላይ አይቀልጥም፣ ምድጃውን ካጠፋሽ በኋላ ላዩ ላይ ፈርፍሪው።

ጥያቄ፦ ፓስታ በእንጀራ የሚበላ ሰው ላይ ምን ትፈርጃለሽ?

መልስ፦ ራሴ ላይ? ምንም። ግን ለእንጀራ የሚሆነው ስጎ ወፈር ይበል፣ በርበሬ ይግባበት፣ ፓስታውም አጠር ብሎ ይሰበር። ያለዚያ ጉርሻው እጅ ላይ ይበተናል።

ጥያቄ፦ የተረፈው እስከ መቼ ይቆያል?

መልስ፦ ምድጃ ላይ እንዳለ አታሳድሩት። ጠረኑ ባይለወጥም ሊያሳምም ይችላል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ፣ ቢበዛ በሦስት ቀን ይበላ። ፍሪጅ የሌለህ ልክህን ቀቅል። ከተረፈ ጠዋት መጥበሻ ላይ በትንሽ ዘይት አሙቀው፣ ሁለት እንቁላል ከቃሪያ ጋር መትተህ አፍስስበት፣ ሥሩ ሲይዝ በሳህን ገልብጠህ ሌላውን ጎን አብስለው። በትኩስ ሻይ ይበላል።